ደወሉ የዘገየባቸው ጠዋቶች

ይድረስ ለልጄ። የሄድሽበት አገር ሰዉም ብርዱም ይራራልሽ፤ መንገድሽ ይቅና። እኔ ደህና ነኝ። የሚያፈሰው ጣሪያችን ተጠግኗል።

ያንን የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያስተዳደርኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ ደወሉን ብቻ ነው። ግን ካልተደወለ ማን ይማራል?

አሁን ማታ ማታ አንቺ በተማርሽበት ክፍል እየተማርኩ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከኔ ደብተር ነው የምትገለብጠው።

ትምህርት ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ታሪኩ ሊታተም ነው። ሂሳብ ያስተማሩሽ ሲስተር ዛሬ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ጠርተው ረቂቁን አስነበቡኝ። «ደወላችን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም» ይላል፤ ከሥሩ ስሜ አለ። ሁለቴ አነበብኩት። ደወሉ ሲደወል በሩ ይዘጋል፤ የዘገየም ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንቺ ደግሞ እንቅልፋም ነበርሽ። ሰማያዊ ሹራብሽ ከመታጠፊያው ብቅ እስኪል ገመዱን ይዤ እቆም ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄ እንኳ ውሸት ነው» አልኳቸው።

«ስንት ቀን ዘገየ?»

«ልጄ የተማረችበትን አራት ዓመት።»

ከት ብለው ሳቁ። «እኔ እኮ ሰዓቴ እየቀደመ መስሎኝ አራት ዓመት ወደኋላ ስመልሰው ኖርኩ!»

በጊዜ ተኚ፤ እዚያ ደወል የሚያዘገይልሽ የለም። ስትጽፊልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው። እድሜሽ ይርዘም።

ከሲስተር ጋር አወራን ያልኩሽ ግን ከራሴ የፈጠርኩት ነው። «ቆንጆ ተጽፏል» ብዬ ወጣሁ። ስሜ ተጽፎ ራሴ ሳነበው የመጀመሪያዬ ነበር፤ እውነቱን ካወቁ ይሰርዙታል ብዬ ፈራሁ። ረቂቁ ዓርብ ማተሚያ ቤት ሳይገባ እነግራቸዋለሁ።