የቀሐው ግንብ ቤትና ያንቺ ግድግዳ

ይድረስ ለየሺዬ፣ ለቤቴ እመቤት። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ይሄ ሦስተኛው ነው። መሪጌታ እኔ ልጻፍልህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ለሚስቴ በምነግረው ነገር ሌላ ሰው ምን ቤት አለው? ፊደሌ ቢንጋደድም አንቺ እኔን ማንበብ ታውቂበታለሽ።

ሰፈራችን ተለዋውጧል። ጣሊያን መንገዱን እያሰፋ ነው፤ ማኪና ባለፈ ቁጥር ዶሮዎችሽ አጥር ይዘላሉ። እኔም ጉድ ልሠራ ነበር። ያ ከቀሐ ወንዝ ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ እንስራሽን አውርደሽ የምታዪው የጥንት ግንብ ቤት ለሽያጭ ወጣልሽ። ባለቤቱ አያ መርሻ፣ መንገዱ ደጁ ስለደረሰ ገጠር ልግባ ብሎ ነው። ይሄን ቤታችንን ሸጬ ያንን ልገዛልሽ ቆረጥኩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ለሞተች ሴት ግንብ ምን ያደርግላታል?» አለ። ምን አገባቸው!

ምክርሽን ይዤ ነው የሄድኩት። «በበጋ የማያምር ቤት የለም፤ በነሐሴ እየው» ትይኝ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ገብቼ ክዳኑ ሥር ቆምኩ፤ ጠብ አላለብኝም። ወራጁን በከዘራዬ መታ መታ አደረግሁት፤ ጥድ ነው፣ ምስጥ አልደፈረውም። ብቻ በውስጥ በኩል አያ መርሻ ያንን የኖራ ግንብ በጣሊያን ሲሚንቶ ለስኖት፣ ግድግዳው መተንፈሻ አጥቶ ያልበዋል። «ምነው አያ መርሻ፣ ደህናውን ግንብ አፉን ዘጋኸው?» ስለው፣ «ዘመኑ ነዋ!» አይለኝም! ይፈለፈላል፣ በኖራ ይመለሳል ብዬ አለፍኩት። በቃል ተስማማን።

አንዷን ምክርሽን ግን ዘንግቻት ኖሯል። «ከግድግዳው በፊት እህት ወንድሙን ጠይቅ» ያልሽኝን። የአያ መርሻ እህት ሽያጩን ሰምታ ከዛሪማ መጣች። ድርሻዬን ልትል ነው ብዬ ለክርክር ወገቤን ታጥቄ ጠበቅኋት። እሷ ድርሻም አላነሳች። ወደ ውስጥ ገብታ አንዱን ጥግ በመዳፏ እየዳበሰች፣ «አያ፣ እናቴ እዚህ ጋ ተደግፋ ነበር የምትፈትለው፤ ግድግዳው ከጀርባዋ ልክ ጎድጎድ ብሎ ነበር። አሁን በሲሚንቶ ደፍነውታል። የት ላግኛት?» አለችኝ። ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ጭቃውን ከጭድ አቡክተሽ በእጅሽ የመረግሽው ላይ የጣቶችሽ መስመር እንዳለ አለ። ያቺ ጎበጥ ያለችው አውራ ጣትሽ ሳትቀር ትታወቃለች። መዳፌን አሳረፍኩበት። የኛን ቤት የሚገዛው ሰውዬ፣ አፍርሼ ቆርቆሮ ቤት አቆማለሁ ብሎኝ ነበርኮ! ግንብ ልገዛልሽ ስል አንቺኑ ልሸጥሽ!

በማግስቱ ሄጄ ቃሌን አጠፍኩ። አዎ፣ እኔ! አያ መርሻ «ሰው ይስቅብሃል» አለኝ። «አንተ ጀምርላቸው» ብዬው ወጣሁ። እህቱ ግን አልሳቀችም፤ መዶሻ ተውሳ ያችን ጥግ ስትፈለፍል ነው ትቻት የመጣሁት።

ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳችንን እመርጋለሁ። የወንድ ምርጊት ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለሽ ትስቂብኛለሽ፤ ሳቂ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ግን እኔም አልነካው፣ ሌላም አላስነካ። ዓይኔ ቢፈዝ በእጄ አገኘዋለሁ። ማታ ማታ በሩን ስዘጋ መዳፌን አሳርፍበታለሁ፤ ደህና እደሪ ማለቴ ነው።

ያው ግትሩ ባልሽ