ክኒኑን እንደኔ እንዳትጥዪው

ለእህቴ ለሄርዲስ፤ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአውስትራሊያው ሙቀት አሁንም ያቃጥልሻል? ልጅሽ ሊኔና ልጆቿስ ሰላም ናቸው? እኔን ከጠየቅሽ፣ ደህና ነኝ ብልሽ የእጅ ጽሑፌ ያሳብቅብኛል። ድሮም ከፊደል ጋር አንስማማም፤ የአሁኑ ግን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

ለገና በላክሽው ደብዳቤ ላይ «የእንቅልፍ ክኒኑ አንገሸገሸኝ፣ አንድ ቀን ቆሻሻ ውስጥ ነው የምወረውረው» ብለሻል። ሳትወረውሪው ይድረስሽ ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ ቀድሜሽ ወርውሬዋለሁ።

ዮሩን የሞተችብኝ ጊዜ ሐኪሙ «ቀብሩ እስኪያልፍ ብቻ» ብሎ ነበር የሰጠኝ። ቀብሩ አለፈ፣ ሐኪሙም ጡረታ ወጣ፣ ክኒኑ ግን ቀረ። በተራ የመጡት ሐኪሞች በስልክ «እሺ» ይላሉ እንጂ «ኦላይ፣ አሁንም ትውጣለህ ወይ?» ያለኝ የለም። ሚስቴን ብቀብር ሌላ ሚስት ሰጡኝ፤ ያውም ጠዋት ጠዋት ራሴን እንደ መልሕቅ የምታከብድ።

አባታችን ትንባሆውን እንዴት እንደተወ ታስታውሺያለሽ። የዓሣው ወቅት ሲከፈት ጀልባው ከወደብ እንደወጣ፣ ከረጢቱን ወደ ባሕር! የቤታችን ወንድ አንድን ነገር የሚተወው እንዲህ ነው። እኔም በጥር ብቻዬን ስወጣ ክኒኑን ከነብልቃጡ ወረወርኩት። ጀልባ ላይ ማፏጨት ነፋስ ይጠራል ቢባልም፣ ደስ ብሎኝ አፏጨሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የልብ ድለቃው! እኔ ኦላይ ገመድ መቋጠር አቃተኝ። ወንድ ነኝ ብዬ ለማንም ሳልናገር ባሕር ወጣሁ። መረቤን ስስብ ራሴን ስቼ ተንፈራገጥኩ አሉ። የወደቅኩት ከጀልባው ወደ ውጭ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍልሽ አልነበረም። በቅርብ የምታጠምደው ጎረቤቴ ማግንሂልድ ናት ጎትታ ያመጣችኝ።

ያከመችኝ ሐኪም የልጅ ልጄን ታክላለች። «ብዙ ዓመት የተወሰደ ክኒን ባንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ሰውነት ለምዶት በድንገት ሲያጣው እንዲህ ይጥላል» አለችኝ። «ታዲያ ሲሰጡኝ ማን ነገረኝ?» ብላት አንገቷን ደፋች። መልሳ አስጀምራኝ አሁን በጥቂት በጥቂቱ ትቀንሳለች፤ ሲከብደኝ እዚያው ላይ ታቆየኛለች። ወራት ይፈጃል አለች። ይህን ለማግንሂልድ ባማርር፣ ዓሣው በነፋስ ለወራት ከሚደርቅበት መስቀያ ሥር ቆማ «አንተ ሽማግሌ፣ ይኼን ዓሣ ቶሎ ይድረቅ ብለህ ምድጃ ላይ አስጥተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። «ምን በወጣኝ!» አልኳት። «ታዲያ ራስህን ከዓሣ ታሳንሳለህ?» ብላኝ እየሳቀች ሄደች።

ክኒኑን ጨርሼ እስክተው ድረስ ብቻዬን ባሕር እንዳልወጣ ተከልክያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያላመለጠኝ ወቅት ሲያልፍ በመስኮት አያለሁ። ጀልባዬ ተጎትታ የብስ ላይ ተቀምጣለች። ምሬቴ ይኼ ነው።

አደራሽን ሄርዲስ፣ ሐኪም ሳትጠይቂ ክኒኑን እንዳትተዪው። ሐኪም ዘንድ ሂጂና «መተው እፈልጋለሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ አውጡኝ» በያቸው። ችላ ካሉሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና አንቺ ነን፤ ብቻዬን አታስቀሪኝ። ይህን ሁለተኛ አልጽፈውም።

ሊኔን ሳሚልኝ፤ ልጆቿንም፣ መናገር የማይወደውን ባሏንም ሰላም በይልኝ። ማግንሂልድም ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ኦላይ
ሎፎተን፣ መጋቢት 14 ቀን