ዳማዋ ገመዷን አልበጠሰችም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«እንዴት ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ገና በመጀመሪያው መስመር ከምዋሽ ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ዕለት የምታስታምምህ እትዬ ደውላ ነበር። ዳሌህ ገጥሟል፣ ሐኪሙም መራመድ አለበት ብሏል አለችኝ። አንተ ግን ከአልጋህ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋህ እንጂ ከክፍሉ ንቅንቅ አትልም አሉ።

«ለምን አትወጣም ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አለች እትዬ። «ዳማዋ እንኳን ከካደችኝ፣ ከእንግዲህ ምኑን አምኜ እግሬን አነሳለሁ አለኝ።»

ስልኩን ዘግቼ የኮርቻ ክፍሉ ውስጥ መርፌና የቆዳ ክር እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። አንዲት ስፌት አልወጣኝም። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልበልና ልገላገል፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ትሰማለህ። ያቺ አሥራ አራት ዓመት የጋለብካት ባዝራ፣ ዳማዋ፣ ገመዷን አልበጠሰችም። እኔ ነኝ የፈታኋት።

አሁን ፊትህ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እስክጨርስ ዝም ብለህ ስማኝ።

አባታችን ሥራውን ከተወልን ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት አብረን ተጉዘናል። እንግዶችን በፈረስ ወደ ተራራው እናወጣለን፣ ከተራራው ወደ ሸለቆው እናወርዳለን፣ ድንኳን ተክለን እናሳድራለን፣ በአራተኛው ቀን በወዲያኛው ሜዳ ብቅ እንላለን። ከፊት አንተ፣ ከኋላ እኔ ከጭነት ፈረሶቹ ጋር፣ መሃል ላይ እንግዶቹ። በዚያ ሁሉ ዘመን «ምን እያሰብክ ነው?» ብዬህ አላውቅም። ጀርባህን አይቼ አውቅ ነበር።

አምና ሸለቆው ውስጥ ሆቴል ልንሠራ ነው የሚሉ የኩባንያ ሰዎች መጥተው መንገዱን እንድታሳያቸው ሲለማመጡህ «መንገዱን የሚያውቁት ፈረሶቹ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ተዋዋሉ» ብለህ ሸኘሃቸው። ሳምንት ሙሉ ስስቅ ሰነበትኩ። ዘንድሮ ግን ቀያሹ መጣ።

ቀያሽ መሆኑን ያወቅኩት ከተሸከመው ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ነው። ወደ ኮርቻ ክፍሉ አስገባኸውና በሩን ዘጋህ። ያ በር መሬቱን እየፋቀ ስለሚያስቸግር ማንም ዘግቶት አያውቅም፤ ሲፋቅ ከጓሮ ሰማሁት። ሻይ ይዤ ስገባ ሁለታችሁም ጸጥ አላችሁ። ሰውዬው፣ መልስ እንዳይኮረጅበት እንደሚፈራ ተማሪ፣ ደብተሩን በክንዱ ሸፈነው።

«እንግዳችን ነው፤ በዚህኛው ጉዞ አብሮን ይሄዳል» አልክ።

«ለእንግዳ በር ይዘጋል እንዴ?»

«ነፋሱ ነው።»

ውጭ ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ከዚያች ቀን ጀምሮ እግር በእግር ተከታተልኩህ። የፈረሶቹን ኮቴ ራስህ ታበጅ የነበርከው ሰውዬ ከከተማ ባለሙያ ማስመጣት ጀመርክ። የኩባንያው ማኅተም ያለበት ፖስታ መጣ፤ «ምን ይላል?» ስልህ «አንብቤዋለሁ፣ የማይረባ ነገር ነው» አልክ። መሳቢያህን ከፍቼ አየሁት። አዎ፣ መሳቢያህን ከፍቻለሁ። ፖስታው እንደታሸገ ነበር። ሳያነብ አነበብኩ የሚል ሰው መንገዱን ለመሸጥ በቃል የጨረሰ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የምንነሳበት ዕለት ደግሞ እኔ በምስበው የጭነት ፈረስ አንገት ላይ ቃጭል አንጠለጠልክ። ዕድሜ ልካችንን ያለ ቃጭል የሄድን ሰዎች!

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«አውሬ ያባርራል፣ እታለም።»

እኔ ግን ገባኝ አልኩ። ስጠጋችሁ ሰምታችሁ ወሬያችሁን እንድታቋርጡ ነው።

በዚያ ጉዞ አራት ነበርን፤ አንተ፣ እኔ፣ ቀያሹና ያቺ ሳቂታ ጡረተኛ መምህርት። በመጀመሪያው ቀን ሸንተረሩ ላይ እንደወጣን መምህርቷ ፈረሷን ወደ እኔ አስጠጋችና «የኔ ልጅ፣ ወንድምሽ ኮራ ያለ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «ጠዋት እጄን ለሰላምታ ብዘረጋለት እጄን አየር ላይ ትቶት ሄደ።»

«ሐሳብ ይዞት ነው፤ አይክፋዎት» አልኳት። ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ቀያሹ ከአንተ ጭራ አይለይም ነበር። እየጋለበ ይጽፋል። አንተ ሳትዞር ትናገራለህ፣ እሱ ይከትባል። ፈረሴን ኮልኮል ሳደርጋት ቃጭሉ ይንጫጫል፣ እናንተም ዝም ትላላችሁ። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ከሸለቆው የሚነሳው ነፋስ ድምፅህን አመጣልኝ። «ከዚህች ዝግባ በኋላ ምንጩ በስተግራ ነው፤ ጻፍ» ስትል ሰማሁ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ «እሷ ግን እንዳታውቅ» አልክ።

እሷ ማን ናት? ዳማዋ አይደለችም መቼም።

ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ ለእኔ ማስረጃ ሆነ። ፀሐይ ገና ከገደሉ አናት በላይ እያለች ዘጠኝ ሰዓት ላይ «እዚህ እንሰፍራለን» ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ለመነጋገሪያ ጊዜ እያመቻቸ ነው እላለሁ። የሾርባውን ድስት በእግርህ ደፍተህ «መንገድ ላይ ድስት የሚያስቀምጥ ማነው?» ብለህ ጮህክብኝ። ድስቱ ግን ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ከእሳቱ በስተቀኝ ነበር። ሐሳቡ እዚህ የለም፣ ልቡ ከሽያጩ ጋር ነው አልኩ። ወንዙ ዳር ፈረስ ስናጠጣ ቀያሹ ክንድህን ይዞ ድንጋዩን ሲያሻግርህ ሳይ ደግሞ አንገቴ ድረስ ተናደድኩ። ምነው እንዲህ ተዋደዱ! ያንን ገደል በእነዚያ ቀኖች ለአንድ አፍታ እንኳን ቀና ብዬ አላየሁትም። መምህርቷ «እዪው ግንቡን፣ ፀሐይ ስትጠልቅበት እንደ ጋመ ብረት ሆነ እኮ!» ስትል እኔ እናንተን ነበር የማየው።

በአራተኛው ቀን ማነቂያውን እንደምናልፍ ታውቃለህ፤ ያ አንድ ፈረስ ብቻ የሚያሳልፍ፣ በአንድ በኩል የቋጥኝ ግንብ፣ በሌላው በኩል ገደል የሆነ መንገድ። ከእሱ ወዲያ ሜዳው ነው፣ ሜዳው ላይ ደግሞ መኪና ይደርሳል። የኩባንያው ሰዎች እዚያ እየጠበቁህ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀድሜህ ደርሼ ዓይን ለዓይን ልጋጠማቸው አሰብኩ። ዳማዋን ይዘህ ግን ፊት ፊቱን ለማንም አትለቅም።

ጎህ ሲቀድ ሁላችሁም ድንኳን ውስጥ ሳላችሁ ዳማዋን ፈታኋት። ጨው ያለበት መዳፌን እየላሰች ያለ ልጓም ተከተለችኝ። ከቋጥኙ ጀርባ ሣሩ ላይ ትቻት ተመለስኩ።

«ዳማዋ የለችም» አልኩህ።

«የለችም ማለት?»

«ገመዷን በጥሳ ሄዳለች።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ብለህ ልትስቅ ሞከርክ። ፊትህ ግን አመድ መሰለ። «እስክትገኝ አንንቀሳቀስም።»

«ግራጫው አለልህ አይደል?»

«ግራጫው ገና ልጅ ነው።»

መምህርቷና ቀያሹ እየሰሙ፣ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህን መንገድ እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ጉርምስና ያልጨረሰ ፈረስ ያስፈራዋል?» አልኩ።

ቀያሹ ፈጠን ብሎ «እኔ በበኩሌ አንድ ቀን ብናድር ደስ ይለኛል» አለ። ይህን ሲል የሚያየው አንተን ነበር። ተመሳጥረዋል አልኩ። አንተ ግን ኮራህና ኮርቻህን አነሳህ። ከዚያ ጠጋ ብለህ፣ ለምነኸኝ በማታውቀው ድምፅ «እሺ፣ ከፊት አንቺ ሁኚ። ቃጭሉን ይዘሽ ሂጂ፤ ግን አትራቂኝ» አልከኝ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው። ይህንን የሚያውቅ ማንም የለም፤ ቀያሹም ቢሆን። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍኩ ከፈረሴ ወረድኩና ቃጭሉ ውስጥ ሣር ወተፍኩበት። ምን ያህል እንደራቅኩ እንዳታውቅ ነው። ከዚያ ፈረሴን አፈጠንኩ። መሃል ላይ የሌሊቱ ዝናብ የመንገዱን ግማሽ በልቶት አገኘሁ። ግንቡን ታክኬ አለፍኩ። ጮኼ ላስጠነቅቅህ ይገባ ነበር። ዓይን አለው፣ ያየዋል አልኩ።

ጩኸቱን ስሰማ ፈረሴን መመለሻ ቦታ እንኳን አልነበረም፤ በእግሬ ሮጥኩ። ግራጫው ገደሉ ውስጥ ወርዷል። አንተ ከመንገዱ በታች አንዲት ቁጥቋጦ ይዘህ ተንጠልጥለሃል። በሆዴ ተኝቼ እጄን ዘረጋሁ። እጄ ከጆሮህ አጠገብ ነበር። አንተ ግን በዚያ በኩል፣ ወደ ባዶው ነው እጅህን የዘረጋኸው።

«እዚህ ነኝ! ከጎንህ!»

«በየት በኩል?» አልከኝ።

ዓይኖችህ ተከፍተዋል። በእኔ ላይ አለፉ፣ ተመለሱ፣ እንደገና አለፉ። አላገኙኝም። እኔም ያን ጊዜ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ድስቱንም ፖስታውንም የመምህርቷንም እጅ አየሁ።

ከኋላዬ ቀያሹ የጭነት ገመድ ይዞ ደረሰና «ወንድሜ፣ እጅህን በቀኝህ፣ ከትከሻህ በላይ! ቀጥ አድርገው! አዎ፣ ነካኸው!» እያለ መራህ። ሁለታችን ጎትተን አወጣንህ። መምህርቷ ፈረሶቹን ይዛ ታለቅስ ነበር።

መኪና ልፈልግ ሜዳው ላይ ስወጣ ማንም አልነበረም። የሚጠብቅ ሰው ቀርቶ የጎማ ምልክት አልነበረም። ሣር ብቻ።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቀያሹ ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእሱ እጅ፣ በአንተ አፍ እንዲህ ይላል፤ «ለእህቴ። አሁን የማየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። እሱም ሳይዘጋ መንገዱ ይኸውልሽ።» ከዚያ እያንዳንዱ ምንጭ፣ እያንዳንዱ መሻገሪያ፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሁሉ በተራ ተጽፏል። ማነቂያው ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ይቋረጣል።

«ለምን አልነገረኝም?» አልኩት።

ሰውዬው ጫማውን እያየ «አባታችሁ በሞቱ ማግስት አንድ ነገር ብለሻል አሉ» አለኝ። «ከእንግዲህ ዕውር መምራት በቃኝ ብለሻል። እሱ ከኋላሽ ቆሞ ሰምቶሻል።»

ብያለሁ። ሰሃን እያጠብኩ ነው ያልኩት። አሥራ አንድ ዓመት አባታችንን እጁን ይዤ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ስመራ ኖሬ ድካሙ ነው ያናገረኝ። አባታችን ሲሞት የተሰማኝ እፎይታ እንዳይታወቅብኝ በቁጣ ሸፍኜው ነው። ከኋላዬ መኖርህን አላወቅኩም። ብዞር ኖሮ ምን እንደምል ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት እደግመው ነበር።

አንተ ስትነቃ ደግሞ እጄን ይዘህ «ዳማዋ ተገኘች?» ብለህ ጠየቅከኝ። ተገኝታ ነበር። ካደርንበት ቦታ፣ ችካሏ አጠገብ ቆማ ነው ያገኘኋት። እኔ ግን «ገመድ በጥሳ የሄደች ምን ትመለሳለች» አልኩህ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ማነቂያው ላይ ያደረግኩትን ሳላውቅ ነው ያደረግኩት፤ ያንን ግን አውቄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። በዚያ ጠዋት ኮርቻህን ከማንሳትህ በፊት ጎንበስ ብለህ የዳማዋን ገመድ ከችካሉ ላይ አነሳህ። ጫፉን በጣቶችህ መሃል አሽከረከርከው። የተበጠሰ ገመድ ጫፉ እንደሚተረተር አንተ ሳታይም ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝና አልቆረጥኩትም፣ ፈትቼ ነው የተውኩት። ቀስ ብለህ መልሰህ አስቀመጥከው። ታዲያ ታውቅ ነበር? አውቀህ ነው ግራጫው ላይ የወጣኸው? ለእትዬ «ዳማዋ እንኳን ከካደችኝ» ስትል በእርግጥ ስለ ዳማዋ ነው? ወይስ ለእኔ የተላከ ነው፣ ሰምቼ ራሴ እንድናገር? ይኸው፣ ይቅርታ እየጠየቅኩህ እንኳን እጠረጥርሃለሁ። እንዲህ ያለች እህት አለችህ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልክልህም። እትዬ እንድታነብልህም አልፈልግም፤ እሷ ለእኔ አዝና አንዳንዱን መስመር ትዘላለች። እሁድ ከሰዓት መጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ራሴ አነብልሃለሁ። ስጨርስ ውጪ ካልከኝ እወጣለሁ። አብረሽኝ ውጪ ካልከኝ ደግሞ እጅህን እይዛለሁ፤ ካልሰለቸህ እኔ አይሰለቸኝም። ሳነብ መሃል ላይ ድምፄ ቢቋረጥ ግን ያለቀ እንዳይመስልህ። ትንሽ ታገሠኝ፤ እቀጥላለሁ።

እህትህ