ገመዱን ያስዘረጋሁት እኔ ነኝ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ይህች ወረቀት በሰላም ትድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽ ተወሽ ወይስ ዛሬም ያንገላታሻል? ባልሽ፣ ልጆችሽስ? እኔ ጉልበቴ ለግሞ አላስኬድ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። የጎረቤት ልጅ ልጻፍልዎ ብትለኝ እምቢ ብዬ በራሴ እጅ ነው የምጭረው፤ ታግለሽ አንብቢው።

ከማሳችን ጫፍ ያለውን ጉብታ ታውቂዋለሽ፤ ስማቸውን እንኳ ማንም የማያውቃቸው የጥንት ሰዎች ሙታናቸውን አስቀምጠው አፈርና ድንጋይ የከመሩበት። አምና አፈር ጫኝ መኪኖች ጎኑን መዛቅ ሲጀምሩ፣ እናትሽ ከሥሩ ተኝታለችና ሆዴ አልቻለም። የቅርስ ጥበቃ ሰዎች ዘንድ እየተመላለስኩ አሰለቸኋቸው። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ገመድ ይዛ መጣች፤ የሚከለለውን ያሳዩኝ አለችኝ። "ገና ነው፣ ሳቢው" እያልኩ የእናትሽን መቃብር አልፎ ማሳችን ውስጥ አስገባሁት። መሬትዎን ያጣሉ ብትለኝ "ይሂድ" አልኳት። ሽቦ ታጠረ፣ መኪኖቹም ሄዱ። ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ሰሞኑን ታዲያ ከእናትሽ ጎን የኔን ቦታ በድንጋይ ልለይ ስገባ ጥበቃው ያዘኝ። ከሽቦው ውስጥ ከእንግዲህ አንድ አካፋ አፈር አይነሳም፣ ሰውም አይቀበርም አለኝ። ሰደብኩት። ባለሙያዋ ራሷ መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ "አባባ፣ ለእርስዎ ከፈቀድኩ ለመኪኖቹ ምን እላለሁ?" አለችኝ። ገመዱን ሳቢው ያላት ማን ነበር? እኔ! አጽሟን አውጥተን እናዛውርልዎ ብትለኝም እምቢ አልኩ። አካፋ እንዳይነካት ብዬ ማሳዬን ሰጥቼ፣ እኔው አካፋ ላምጣባት?

ጎረቤታችን አናጺው፣ "አንተ ግትር፣ ሞተህም ከመንግሥት ልትጣላ ነው?" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሳቅሁለት። ቤት ገብቼ ግን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። እናትሽ ብርድ አትችልም ነበር፤ እግሯን እኔ ላይ ነበር የምታሞቀው።

እንግዲህ ቀኔ ሲደርስ ከሽቦው ውጭ፣ በእግሯ በኩል ቅበሪኝ። ከጥበቃው ጋር እንዳትጣዪ፤ እሱ ሥራውን ነው የሠራው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ትምህርቱን ይበርታ በይው፤ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። አማትሽንም እንዴት ነዎት በያቸው። ለእናትሽ የላክሽውን ሰላምታ ነግሬያታለሁ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከሽቦው በዚህ ማዶ
ጥቅምት 9 ቀን