«ምንም የለበትም» የተባለው ውሃ

ስመኝ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ ራሴን ስለተጸየፍሁ ነው። በሕይወት ሳለሽ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ዛሬ ሁሉንም ልንገርሽ።

ቤቱ ደኅና ነው። ልጃችን ዘነበች ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ስትስቅ እንዳንቺ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ቀይዋ ላም ወለደች። የጓሮው ጌሾ ግን ደረቀ፤ እኔ እንዳንቺ አልሆንሁለትም።

ጣሊያን ቡሬ ሲገባ፣ በልጅነቴ ከነጋዴ ጋር አስመራ ሄጄ በለቃቀምኋት ቋንቋ አስተርጓሚ መሆኔን ታውቂያለሽ። ያዘዙኝ ውሃ ከሚለካ ሰው ጋር ነበር። ባለመስታወት ሣጥን ነበረችው፤ በውስጧ ሁለት ስስ የወርቅ ቅጠሎች ተራርቀው ይቆማሉ። ውሃውን በቆርቆሮ ዕቃ ንጦ ከሣጥኗ ጋር ያገናኝና ሰዓቱን ይዞ ቅጠሎቹን ያያል። ድንጋይ ውስጥ ኡራኒዮ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ከሱም ዓይን የማያየው ጨረር እንደሚወጣ፣ ምንጭም ያንን ይዞ እንደሚፈልቅ ነገረኝ። ቅጠሎቹ ቶሎ ከገጠሙ ጨረሩ ብዙ ነው፤ ለሚጠጣውም ብርታት ይሰጣል አለ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከገደሉ ሥር ባለው ምንጫችን ቅጠሎቹ ወዲያው ገጠሙ። ሰውዬው እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ሳምንት ሳይሞላ ምንጩ በሽቦ ታጠረ፤ ውሃው በጠርሙስ እየተሞላ ለመኮንኖቹ ብቻ ሆነ። ለአገሬው አዋጁን የተናገርሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ቆሜ ከነገ ጀምሮ ከታች ቅዱ አልሁ። ታች ማለት በቅሎዎቻቸው የሚጠጡበት፣ የሕመምተኞቻቸው ጨርቅ የሚታጠብበት ነው። አንቺ እንስራሽን አዝለሽ ከሴቶቹ መሀል ቆመሽ ነበር።

ማታ ቤት ስገባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ፦ «አንተስ ከየትኛው ልትጠጣ ነው?»

ከናንተው ጋር አልሁሽ። ዋሸሁሽ፣ ስመኝ። ቀን ቀን እዚያ ስውል ከጠርሙሱ እጠጣ ነበር። ጥሩ ውሃ ነበር።

የደም ተቅማጡ ሲገባ መጀመሪያ የወደቁት ሕፃናት ነበሩ፤ ከዚያ አንቺ። በአምስተኛው ቀን አንገትሽን መያዝ አቃተሽ። እኔ ግን ጤነኛ ነበርሁ፤ ራስሽን ደግፌ እዚያው ካንቺ ጋር ተቀምጬ ጤነኛ ነበርሁ። ይህን አስተውለሽ እንደሆነ አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም።

ሣልስትሽ ሲያልፍ ከታችኛው ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ ለሰውዬው ወሰድሁለት። የበቅሎ ጠጉር ይንሳፈፍበታል፣ ትል ይላወስበታል። ይህንንም ለካልኝ አልሁት። አልተቆጣም፤ እንደ ሥራው ናጠው፣ ሰዓቱን ይዞ ጠበቀ። ቅጠሎቹ እንደተራራቁ ቀሩ።

«ምንም የለበትም» አለና ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ሚስቴ በዚህ ሞተች አልሁት። አዝኖ አየኝና መሣሪያው እንዲህ ያለውን እንደማይለካ አስረዳኝ። ደጃፉ ላይ አስታወክሁ። ቆሻሻው ከውሃው ብቻ አልነበረም፤ ከሰውዬው ንጹሕ ጣት፣ ከኔም አፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለስሁም።

ጎረቤታችን እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ የምታዠው መሬት ውሃ እንዳላት ነገሩኝ። እሳቸው በእርጅናቸው ድንጋይ እያቀበሉኝ ቆፈርናት፣ በድንጋይ ገነባናት፣ ከብት እንዳይገባ በእሾህ አጠርናት። ዛሬ ሴቶቹ የሚቀዱት ከዚያ ነው። ከፋሲካ ወዲህ በተቅማጥ የሞተ የለም። ሰውዬው ሌላ ውሃ ሊለካ ወደ ደምበጫ ሄደ። መኮንኖቹ ያን ውሃ አሁንም ይጠጣሉ፤ ይጥቀማቸው ይጉዳቸው ግድ የለኝም።

ባለፈው እሑድ ለዘነበች ሁሉንም ነገርኋት። በሦስተኛው ቀን ምሳ አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን አብራኝ አልበላችም። ይቅር በይኝ አላልኋትም፣ አንቺንም አልልሽም።

አገሬው የዚያን ዓመት ሞት የእግዜር ቁጣ ይለዋል። እኔ ፊት ግን እንዲህ የሚል ሰው ዝም ብዬ አላሳልፍም። ሽቦውንና አዋጁን እነግረዋለሁ፤ አዋጁን ማን እንደተናገረ ቢጠይቀኝም ስሜን እነግረዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ባልሽ