እንግዶች ናቸው ብለን የለቀቅነው ጨዋታ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30፣ ማታ

የቅርጫት ኳሳችን ዛሬም ተነፈሰች። ልምምድ ግን አልቀረም። ጉልበቴን ያመኛል፤ ለማንም አልነገርሁም፣ ላንቺ ብቻ፣ ማስታወሻዬ።

ሰናይት ጅማ ሥራ አግኝታለች። መሄጃዋ ደርሶ ነበር፤ ለምና ሳምንት አስጨመረች። ከነገ ወዲያ ከአንበሳሜ የሚመጡትን ልጆች ካሸነፍን በሳምንቱ ዋንጫ ነው፤ እስከዚያ ትቆያለች። ከተሸነፍን ማክሰኞ ትሳፈራለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ስንጫወት አንድም ዋንጫ ነክተን አናውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2፣ ምሽት 12 ሰዓት

ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ። እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ በሃያ ሁለት ነጥብ እየመራን ነው። አሠልጣኛችን ጋሽ ሞላ ካሸነፍን ነገ ለምንሄድበት የዘጌ ሽርሽር በጀልባው ስንት ሰው እንደምንሆን መቁጠር ጀምረዋል። የእንግዶቹ አምበል፣ ቀጭን ልጅ፣ እንባዋ መጣ። እናቴ ከሜዳው ጠርዝ ሆና፣ ኧረ እንግዶች ናቸው፣ አታሳፍሯቸው አለች። ሌሎቹ እናቶችም ተቀበሏት። ፊቴ ጋለ። እኔ ደግሞ አምበል ነኝ። እጄን አንሥቼ ዝቅ ዝቅ እያደረግሁ ለልጆቻችን ቀስ በሉ አልኋቸው። ሰናይት ብቻ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደግሜ ምልክት ሰጠኋት። እሺ አለች።

አንድ እንዲያገቡ ለቀቅን። አጨበጨብንላቸው ጭምር። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። የሐይቁ ነፋስ ተነሣ፤ ከሰዓት በኋላ ሁሌ እንደሚነሣ እያወቅን። ነጥቡ ሲጠጋጋብን እንጠንክር ስንል እግራችን እምቢ አለ፤ ሰውነታችን በርዷል። የመጨረሻውን ኳስ ሰናይት ወረወረች። ነፋሱ ገፋው።

ቀጭኗን ልጅ እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ሄድሁ። ቀስ ብላ፣ ንቃችሁን ነው አይደል አለችኝ። ለእናንተ ብለን ነው ልል አፌን ከፈትሁ። እጇን ጨብጬ ተመለስሁ።

እሑድ

ዘጌ ቀረ። ጋሽ ሞላ ባለጀልባውን ይቅርታ ጠየቁ። እናቴ ቁርስ ሁለቴ አቀረበችልኝ። እሷን ምን እላታለሁ? የተነሣው የኔ እጅ ነው። ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ጠዋት

ሰናይትን ሸኘኋት። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት፣ ጉልበትሽን ታከሚ አለችኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል። ቤት እስክደርስ አለቀስሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ማታ

ዋንጫው ዛሬ ነው። የኛ አይደለም። እኛ እዚሁ ከመሸንቲ ከመጡ ልጆች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጠምን።

በሰፊው መራን። ከእንግዶቹ አንዷ ፊቷን በማሊያዋ ሸፈነች። ተመልካቹ ያንኑ ጀመረ፤ እንግዶች ናቸው፣ ተዉአቸው። እጄ ሊነሣ ሲል ቁምጣዬን ጨበጥሁ። እስከ ፊሽካው ሮጥን። ክፉ መሰልሁ። ይሁን። ሲያልቅ ለልጅቱ ውኃ ወሰድሁላት፤ እንዴት አድርጌ እንዳለፍኋትም አሳየኋት። ተኮሳትራ አየችኝ፤ ከዚያ እስቲ ድገሚው አለች። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ደጋገምነው።

ሰናይት አሁን ደወለች። ስንት ለስንት አለች፤ ነገርኋት። እንግዶቹ አላለቀሱም ወይ አለች። አንዷ አልቅሳለች አልሁ። እና? አለች። አልለቀቅንም አልኋት።

ሳቀች። ከዚያ፣ ያን ለት እንዲህ ብናደርግ ኖሮ ዛሬ እኔም፣ ብላ አቆመች። ዋንጫ ላይ ነበርሽ ብዬ ጨረስሁላት።