«ያልታወቀ ተጠቃሚ» ስለተባለው ወንድሜ

ለተከበራችሁ የቀን መቁጠሪያው ነፃ ሶፍትዌር የሰርቨር ማዛወሪያ ኮሚቴ አባላት፤
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁ እንደ አዲሱ ሰርቨር የፈጠነ፣ ዕድሜያችሁም እንደ አሮጌው የረዘመ እንዲሆን እመኛለሁ። አሮጌው ሰርቨር ዘጠኝ ዓመት የኖረው ክላተን ከተማ በሚገኘው ቤታችን፣ በታላቅ ወንድሜ በዋራስ አልጋ ሥር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዋራስ ካረፈ ሦስት ወር አለፈ። ቀብሩ ላይ ስላለቀሳችሁ አመሰግናለሁ፤ እስከዚህ ያለው ምስጋናዬ የእውነት ነው።

ቀሪው እነሆ፤

፩. ሰርቨሩን ሳታንኳኩ ስለወሰዳችሁት ምስጋናዬ የላቀ ነው። እናቴ ግን የማራገቢያው ድምፅ ጎድሎባት ቀኑን ሙሉ ወደ ክፍሉ ገባ ወጣ ትላለች።

፪. የሁላችሁም ስም ወደ አዲሱ ቦታ በሰላም ሲሻገር፣ የወንድሜ 2,313 ማሻሻያዎች «ያልታወቀ ተጠቃሚ» ተብለው ተመዘገቡ። ሊቀ መንበሩን ፓክ ፓርቶኖን ብጠይቃቸው «አንተ ልጅ፣ ቅጹ ሁለት ስም ካልተሞላ አያሳልፍም፤ የእሱ አንድ ብቻ ነው። ቅጹን እኔ ነኝ እንዴ የሠራሁት?» ብለው ጻፉልኝ። «ፓክ» የአክብሮት መጠሪያ እንጂ ስም አይደለምና የእርሳቸውም አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቴ ጽፈውት «ፓርቶኖ ፓርቶኖ» ሆነው ተሻግረዋል፤ እንኳን ለድርብነት አበቃቸው። ዋራስ ግን ቅጹን ራሱ እንዲሞላ አራት ደብዳቤ ተልኮለታል። እስካሁን አለመመለሱ ከንቀት እንዳይቆጠርበት እለምናለሁ።

፫. የጃቫ ደሴት ልጆች ናችሁና ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሲወለድ ባለ ሦስት ቃል ስም ወጥቶለት ነበር። ዓመት ሙሉ ቢታመም አያታችን «ስሙ ከብዶታል» ብለው አወረዱለትና ዋራስ፣ ማለትም ጤነኛ፣ አሉት። ዳነ፤ ሃያ ስድስት ዓመትም ኖረ። ሰርቨሩ በታመመ ቁጥር እሱም ስሙን ያቀልለት ነበር። ስትስቁበት «ሳቁ፣ ሳቁ! ተነሣ አይደል?» ይላችሁ ነበር። ይነሣም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት መቶኛ ቀኑ ነው። ቀኑን የቆጠርነው የሙታንን መታሰቢያ በሚያሰላው፣ እሱ ራሱ በጻፈው የሶፍትዌሩ ክፍል ነው። ከሥሩ «አዘጋጅ፦ ያልታወቀ ተጠቃሚ» ይላል። እናቴ አንብባው «ይኼ ደግሞ ማነው?» አለችኝ።

አሮጌው ሰርቨር ሐሙስ ይዘጋል፤ ትክክለኛው የስም መዝገብም ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። አዲሱን ቦታ የመረጣችሁት ሶፍትዌሩን ማንም ሊያሻሽለው ስለሚችል እንደሆነ በየስብሰባው ነግራችሁናል። አምኜአችሁ ቅጹ በአንድ ስም እንዲያሳልፍ የሚያደርግ ማሻሻያ ልኬአለሁ። አንድ መስመር ናት። ላኪው «ያልታወቀ ተጠቃሚ» ይላል፤ ይኼኛው እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ ብታጸድቁት ሁለታችንም እንታወቃለን።

ሰርቨር ማለት አገልጋይ እንደሆነ ዋራስ አስተምሮኛልና፣
ገና ያልተዛወረው ትንሹ አገልጋያችሁ
ጋሊህ (በቃ፣ ይኸው ነው)

ማስታወሻ፦ «ዋራስ ዋራስ» ብለን እንሙላው ይሆን ብዬ እናቴን ጠይቄ ነበር። «ተው፣ አሁን ደግሞ አታክብዱበት» አለች። ፓክ ፓርቶኖ ፓርቶኖም ሰሞኑን ሳል ጠንቶባቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንዱን ቢያወርዱት ይሻላቸው ይሆናል።